አራት ዓመት የሌሊት ፈረቃ ከቴርማል ካሜራ ጋር

ለዓመታት የሌሊት ፈረቃ ፖሊስ ነበርኩ። የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት ከትጥቄ ጋር አንድ ቴርማል ካሜራ፣ ማለትም ሙቀትን በምስል የሚያሳይ ዕቃ፣ ይዤ ነው የወጣሁት። አሁን ሥራውን ለቅቄያለሁ። ካሜራውንም አስረክቤያለሁ። ጥያቄው ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። አንዱ «እውነት ግድግዳ አልፎ ያያል?» ይለኛል። የጠፉ ሰዎችን የሚፈልጉ በጎ ፈቃደኞች ደግሞ «እንግዛው ወይስ ይቅርብን?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እስኪ ያየሁትን ሁሉ አንዴ ልጻፈው።

ዕቃው በእጅ የሚያዝ ነው። በአንድ ዓይን ነው የሚታይበት። ትንሽ የውሃ ኮዳ ያክላል፤ ክብደቱም ከዚያ አይበልጥም። ሙቀቱን የሚቀበለው ክፍል፣ ሴንሰሩ፣ 384 በ288 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ነው። የአንዱ ፒክስል ስፋት 12 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)፣ የሌንሱ የትኩረት ርቀት 25 ሚሊሜትር፣ ምስሉ በሰከንድ 50 ጊዜ ይታደሳል። ድክመቱንም ስለማወራ የአምራቹን ስም አልጠራም። በዚህ ደረጃ ያሉት እርስ በርሳቸው ብዙም ስለማይራራቁ የምላችሁ ለአብዛኞቹ ይሠራል።

የመጀመሪያው ሌሊት ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ጣቢያው ኮሪደር ላይ መብራት አጥፍቼ መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። እስከ አምስት ቆጠርኩና አነሳሁት። ከዚያ በካሜራው አየሁ። እጄ እዚያው ግድግዳው ላይ አለ! አምስቱም ጣቶች ነጭ ሆነው ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ቀስ በቀስ መጀመሪያ ጣቶቹ፣ ቀጥሎ መዳፉ ደበዘዘ፤ ከዚያ ጠፋ። ይህ ዕቃ ምን እንደሚያይ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔን አይደለም ያየው፤ የተውኩትን ሙቀት ነው።

ነገሩ የቆየ ታሪክ አለው። በ1800 ዊልያም ኸርሸል የሚባል የሥነ ፈለክ ሊቅ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አስቀመጠ። ከቀዩ አልፎ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ ላይ ቴርሞሜትሩ ይበልጥ ወጣ። ዛሬ ኢንፍራሬድ የምንለው ይሄ ነው። የሰው ገላ ቀንም ሌትም ይህን ጨረር ይረጫል፤ በተለይ 10 ማይክሮን አካባቢ ባለው የሞገድ ርዝመት። የእጅ ካሜራዎች ከ8 እስከ 14 ማይክሮን ያለውን ይቀበላሉ። ሴንሰሩ ላይ ያሉት ጥቃቅን ሰሌዳዎች ጨረሩ ሲያርፍባቸው ትንሽ ይሞቃሉ፤ ሲሞቁ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅማቸው ይለወጣል። ምስሉ የሚሠራው ከዚህ ነው። ጥሩ ካሜራ ከ0.05 ዲግሪ ያነሰ ልዩነት ይለያል።

ስለዚህ ይሄ ብዙ ሰው «የሌሊት መነጽር» ከሚለው ዕቃ የተለየ ነው። ያኛው ያለውን ጭላንጭል ብርሃን ያጎላል። ቴርማል ግን ብርሃን የሚባል ነገር አያስፈልገውም። ዓይን ቢወጉ በማይታይበት ጨለማ ውስጥ ይሠራል። የእጅ ባትሪ ሳላበራ፣ ማንም ሳያየኝ አያለሁ።

ፓትሮል ላይ ብዙ ጊዜ የተጠቀምኩበት ፊልም ላይ እንደምታዩት ሰው ለማሳደድ አልነበረም። መኪና ለማየት ነው። አንድ መንገድ ዳር ሃያ መኪና ቆሟል እንበል። ሁሉም ጨለማ፣ ሁሉም ዝም ብሏል። በካሜራው ሳይ ግን የአንዱ ኮፈን ነጭ፣ ማለትም የሞቀ፣ ነው። ጎማዎቹና ፍሬኖቹም ነጭ ናቸው። ይሄ አሁን ነው የቆመው። ሌላው ደግሞ የተጣለ ነገር ነው። የሚሮጥ ሰው ከኪሱ አውጥቶ ሣር ላይ የወረወረው ስልክ ወይም መሣሪያ ለጥቂት ደቂቃ ከሣሩ ይሞቃል። ቶሎ ከደረሳችሁ ሳትንበረከኩ ታገኙታላችሁ። ከዘገያችሁ ግን የእጅ ባትሪ ይዞ መዳከር ነው።

ካሜራውን የወደድኩት ግን በአንድ አዛውንት ምክንያት ነው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው ጥሪው የመጣው። ዕድሜያቸው ሰማንያ የተጠጋ፣ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አባት ከቤት ወጥተዋል። በሩ ክፍት ነው። መቼ እንደወጡ ያየ የለም። አመሻሽ ላይ ዝናብ ዘንቦ አባርቷል። ልጆቻቸው ሰፈሩን በስልክ መብራት እየዞሩ ይጣራሉ። እኔና ባልደረባዬ ከቤቶቹ ጀርባ ያለውን ሜዳና ከሜዳው ጠርዝ ያለውን ቁጥቋጦ ያዝን።

ሜዳውን ከግራ ወደ ቀኝ አየሁት። ድንጋዮች ይታያሉ፤ የቀኑን ሙቀት ገና አልጨረሱም። ጥንቸል ዘለለች። ሰው ግን የለም። እንደገና አየሁት። የለም። በሦስተኛው ጊዜ ዓይኔ አንድ ቁጥቋጦ እግር ሥር ተያዘ። ሳንቲም የምታክል፣ ደብዘዝ ያለች ነጭ ነጥብ ናት። ሁለቱንም ጊዜ ዓይቻት አልፌአታለሁ። ለምን ብትሉኝ፣ እኔ የምፈልገው ሰው ነበር። ራስ፣ ትከሻ፣ እጅ፣ እግር ያለው፣ ሙሉ፣ የሚያበራ ሰው። ማስታወቂያው ላይ እንደሚታየው ማለት ነው።

ስንጠጋ ነጥቧ አልጠፋችም። ሁለት ሆነች። አንዷ ጉንጫቸው ነበር፤ ሌላዋ አንድ እጃቸው። የቀረው ሰውነታቸው ካሜራው ላይ ከሣሩ አይለይም። ካፖርታቸው በዝናቡ ርሷል። የረጠበ ልብስ ከላይ ሲታይ ልክ እንደ እርጥብ ሣር ቀዝቃዛ ነው። ካሜራው ደግሞ የሚያየው የላዩን ብቻ ነው። ከካፖርቱ በታች ሕይወት እንዳለ አያውቅም።

«አባባ» አልኳቸው ተንበርክኬ።

ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝና «በሩን ዝጋው ልጄ፣ ይበርዳል» አሉኝ።

ጃኬቴን አለበስኳቸው። ቃሬዛው መጣ። ሲያነሷቸው፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ካሜራውን ወደተኙበት ቦታ መለስኩት። መሬቱ ላይ በአንድ ጎኑ የተኛ ሰው ቅርጽ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው ነበር የተኙት። ያን ሁሉ ሰዓት ሰውነታቸው መሬቱን ሲያሞቅ ነበር። አምቡላንሱ ሳይነሳ ቅርጹ ጠፋ። ይህን የማወራው ሐዘን ለመቀስቀስ ብዬ አይደለም። ቀዝቃዛ መሬት ላይ የተኛ ሰው ሙቀቱን እንዴት እንደሚያጣ ከዚያ ሌሊት በኋላ ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም። ሰው ሲጠፋ አንድ ሰዓት ምን ያህል እንደሆነም እንደዚያው።

ስለዚህ ለጀማሪ የምለው ይሄን ነው። ሙሉ ሰው አትፈልጉ። ቁራጭ ሰው ፈልጉ። ጉንጭ፣ አንገት፣ ቁርጭምጭሚት። ቅጠል ሙቀት ይጋርዳል፤ ስለዚህ አንድ ቦታ ቆማችሁ ከማየት ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ጎን እየሄዳችሁ እዩ። ያኔ በቅጠሎቹ መሐል ያለው ክፍተት ይቀያየራል። ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ከውሃው በላይ ያለው ብቻ ነው የሚታየው። ራሱ ብቻ ከሆነ የወጣው፣ የምትፈልጉት ኳስ የሚያክል ነገር ነው።

ሰዓቱም ይለያያል። ለፍለጋ ምርጡ ጎህ ከመቅደዱ በፊት ያለው ነው። ድንጋዩ፣ አስፋልቱ፣ ግንቡ ሁሉ ቀዝቅዞ ሰው ጎልቶ ይወጣል። ፀሐይ ከወጣች በኋላና ከመጥለቋ ጋር አንድ ሰዓት አለ፤ መሬቱና በላዩ ያለው ነገር ሙቀታቸው የሚመጣጠንበት። ያን ጊዜ ምስሉ ግራጫ ገንፎ ይሆናል። በጣም ሞቃት በሆነ ሌሊትም እንዲሁ ነው። የሰው ቆዳ ላዩ 33 ዲግሪ አካባቢ ነው። መሬቱም 33 ከሆነ ካሜራው የሚለየው ነገር የለውም። ጭጋግና ከባድ ዝናብም ይጎዱታል። ጭስን ግን በደንብ ያልፋል፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚይዙትም ለዚህ ነው።

አሁን ስለ ርቀት። እዚህ ላይ ትንሽ እበሳጫለሁ። የካርቶኑ ላይ ጽሑፍ «ሰውን ከ1,300 ሜትር ያገኛል» ይላል። ውሸት አይደለም። ግን «ያገኛል» ምን ማለት እንደሆነ አይነግራችሁም። በ1958 ጆን ጆንሰን የሚባል ተመራማሪ ጉዳዩን በደረጃ ከፍሎ አስቀምጦታል። «አንድ ነገር አለ» ማለት አንድ ነው። «ሰው ነው» ማለት ሌላ ነው። «ይህን የመሰለ ሰው ነው» ማለት ደግሞ ሌላ። አምራቾቹ የሚጽፉት የመጀመሪያውን ነው።

ሒሳቡን ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። የፒክስሉን 12 ማይክሮን ለሌንሱ 25 ሚሊሜትር ስታካፍሉ 0.48 ይመጣል። ይህ ማለት አንድ ፒክስል 1,000 ሜትር ላይ 48 ሴንቲሜትር ይሸፍናል። 1,300 ሜትር ላይ ደግሞ 62 ሴንቲሜትር። የቆመ ሰው ወርዱ ግማሽ ሜትር ቢሆን አንድ ፒክስል እንኳ አይሞላም፤ ቁመቱ ሦስት ፒክስል ነው። ሦስት ነጭ ነጥብ! ግንድ ይሁን፣ ፍየል ይሁን፣ ሰው ይሁን ማን ያውቃል? 100 ሜትር ላይ ግን አንድ ፒክስል 4.8 ሴንቲሜትር ነው። ሰውየው በወርድ አሥር፣ በቁመት ሠላሳ ሰባት ፒክስል ይሆናል። እጁ ሲወዛወዝ ታያላችሁ። ልቤን ሞልቼ «ሰው ነው» የምለው እስከ 200 ሜትር ድረስ ነበር። ማን እንደሆነ ግን አሥር ሜትር ላይም አልልም። በቴርማል ፊት ማለት ዓይኑ የሚያበራ ነጭ ጭንብል ነው። የገዛ ወንድማችሁን ላትለዩት ትችላላችሁ።

በአጠቃቀም ያስቸገሩኝን ልጥቀስ። ካሜራው በየጥቂት ደቂቃው «ቀጭ» ይልና ምስሉ ለግማሽ ሰከንድ ያህል ቀጥ ይላል። ሴንሰሩ ፊት ትንሽ መዝጊያ ወርዳ ራሱን ያስተካክላል። ይሄ ብልሽት አይደለም፤ አብዛኞቹ ያደርጉታል። ግን ሰው እየሮጠ ሳለ ቀጭ ሲል ያናድዳል። ከመኪና ስትወርዱ በእጃችሁ አስተካክሉትና ግቡ። ሁለተኛው ዓይን ነው። ስክሪኑ ብሩህ ከሆነ ካሜራውን ስታነሱ ያ ዓይናችሁ ለትንሽ ጊዜ ይታወራል። ብርሃኑን እስከ ታች አውርዱት፤ ሁልጊዜም በአንድ ዓይን እዩ፣ ሌላውን ለመንገዱ ተዉት። ብርሃኑን ካላወረዳችሁ ደግሞ ፊታችሁ ላይ የሚያርፈው ነጸብራቅ ከሩቅ ያሳብቅባችኋል። ሦስተኛው ባትሪ ነው። በብርድ ቶሎ ይደክማል። ሁለተኛውን ባትሪ ከቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ከሸሚዝ ኪስ፣ ከገላ አጠገብ ያዙት።

ሰዓቱ ግን ይቅር የማልለው ነው። ባትሪው ሲቀየር የካሜራው ሰዓትና ቀን ወደ መጀመሪያው ይመለስ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ተጠርጣሪ መጋዘን ጣሪያ ላይ ሲሄድ እጅ ከፍንጅ ቀረጽኩት። ቪዲዮው ላይ ያለው ቀን ግን ከዚያ ሌሊት ከሁለት ዓመት በፊት ነው! ፍርድ ቤት ቀርቤ ሰዓቱ ለምን እንደተሳሳተ ሳስረዳ ግማሽ ቀን ሄደ። የተከሳሹ ጠበቃ የጠየቀኝ ጥያቄ ሁሉ ትክክል ነበር። የሰው ነፃነት የሚወሰንበት ማስረጃ ላይ ሰዓቱ ካልታመነ ምኑ ይታመናል? ከዚያ በኋላ ፈረቃ ስጀምር የእጅ ሰዓቴን በካሜራው ቀርጬ ነበር የምወጣው። የእጅ ሰዓት በቴርማል አይነበብም፤ ስለዚህ ሰዓቱን በድምፅ እናገር ነበር። ካሜራው ድምፅ መቅዳቱ በጀ።

አሁን ከባዱን ልንገራችሁ።

አንድ ሌሊት ሱቅ ተሰብሮ ሁለት ሰዎች በእግራቸው ሮጠው ነበር። አቅጣጫውን ይዘን ተከተልን። ከአንድ ሕንፃ ጀርባ፣ የአየር ማስወጫው አጠገብ፣ ከግንብ ሥር የተኮራመተ ሰው በካሜራው አየሁ። ነጭ፣ ጥርት ያለ። በሬዲዮ «አንዱን አግኝቼዋለሁ፣ ተደብቋል» አልኩ። ሦስት ሆነን ከበብነው። ጮህንበት። የእጅ ባትሪያችንን በአንድ ጊዜ ፊቱ ላይ አበራን። የተነሳው አሥራ ስድስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። እጁን ወደ ላይ አድርጎ ይንቀጠቀጣል። በረንዳ አዳሪ ነው። ከማስወጫው የሚወጣውን ሙቅ አየር ተጠግቶ ተኝቶ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይሄ ነው።

ቪዲዮውን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አየሁት። መልሱ እዚያው ምስሉ ላይ ነበር። ከሥሩ ያነጠፈው ካርቶን ነጭ ነው። የተደገፈው ግንብ ነጭ ነው። ካርቶንና ግንብ እንዲህ የሚሞቁት ሰው ለሰዓታት ሲቆይባቸው ነው። አሁን ሮጦ የመጣ ሰው የተደገፈው ግንብ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ እሱ ብቻ ነው የሚያበራው። ልጁ እዚያ ከመሸ ጀምሮ እንዳለ ካሜራው በግልጽ ነግሮኝ ነበር። ሰው የሚመስለውን ብቻ አየሁና በዙሪያው ያለውን አላየሁም። ይቅርታ ጠየቅኩት። «አሁን መተኛት እችላለሁ?» አለኝ። ካርቶኑን በጫማችን ረግጠነው ነበር።

አዳዲስ ልጆች ሳሠለጥን ያን ምስል አሳያቸው ነበር፤ የልጁ ማንነት በማይታወቅበት መንገድ። «ምን ታያላችሁ?» ስላቸው ሁሉም «የተደበቀ ሰው» ይላሉ። ቴርማል «ተደብቋል» አይልም። «ሞቋል» ነው የሚለው። የተቀረውን የምንጨምረው እኛ ነን፤ የምንጨምረውን ማወቅ አለብን።

ወደ ግድግዳው ጥያቄ ልምጣ። አያይም። ግድግዳ አልፎ አያይም። መስታወትም አልፎ አያይም፤ ይሄ ብዙዎችን ይገርማል። ተራ መስታወት ለዚህ ጨረር እንደ ግንብ ነው። ለዚህም ነው ሌንሱ ራሱ ከጀርማኒየም የሚሠራው። በመኪና መስኮት ውስጥ ስታዩ የምታገኙት የራሳችሁን ነጸብራቅ ነው። መስኮቱን ዝቅ ማድረግ ግድ ነው። በተቃራኒው ስስ ፕላስቲክ ያሳልፋል። ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ውስጥ እጃችሁን ክተቱና በካሜራው እዩ፤ ጣቶቻችሁን ትቆጥራላችሁ።

የቤትን ግድግዳ ከውጭ ስታዩ ግን የቱ ጋ እንደሚሞቅ ይታያል። ነገሩ ፍርድ ቤት የደረሰውም በዚህ ነው። ጥር 1992፣ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ፍሎረንስ ከተማ፣ መርማሪዎች ከሌሊቱ 9፡20 ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጠው የዳኒ ካይሎን ቤት በቴርማል አዩት። የጋራዡ ጣሪያና አንዱ ግድግዳ ከሌላው ይሞቃል። ያንን ከሌሎች መረጃዎች ጋር አቅርበው የብርበራ ፈቃድ አወጡ። ውስጥ ከ100 በላይ የካናቢስ (የሐሺሽ) ተክል ተገኘ፤ ሙቀቱ ተክሉ ከሚበቅልበት ጠንካራ መብራት ነበር። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰና በ2001፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ቤትን ያለ ፈቃድ እንዲህ ማየት ራሱ ብርበራ ነው ተባለ። የአብዛኛውን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ናቸው። እንዲህ ያለው መሣሪያ የቤቲቱ እመቤት ማታ ማታ በስንት ሰዓት ገላዋን እንደምትታጠብ ሊገልጥ ይችላል የሚል ነገር አንስተዋል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2004፣ በቴስሊንግ ጉዳይ፣ ወደ ሌላው ወገን ሄደ። የዘመኑ ካሜራ የሚያሳየው የውጭውን ግድግዳ ሙቀት ብቻ ስለሆነ ብርበራ አይደለም አለ።

እኔ ከስካሊያ ጋር ነኝ። ሁለቱንም ወገን አንብቤያለሁ። ግን ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ያን ካሜራ መስኮቱ ላይ ያነጣጠርኩ ጊዜ ውስጤ የሚሰማኝን አውቀዋለሁ። ሜዳ ላይ የጠፋ ሰው ስፈልግ አይሰማኝም። ፈቃድ ካለ ይደረግ። ከሌለ ሌንሱ ወደ መሬት።

ደግሞም ሙቀት ያሳስታል። ግንቦት 2021 የእንግሊዝ ዌስት ሚድላንድስ ፖሊስ አንድ የኢንዱስትሪ ሕንፃ ውስጥ ካናቢስ ይበቅላል ብሎ ጠረጠረ። ድሮኑም ከፍተኛ ሙቀት አሳየ። ፈቃድ ይዘው ሲገቡ ያገኙት ወደ 100 የሚጠጉ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ ቢትኮይን የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ያመርታሉ። እርግጥ ነው ኤሌክትሪኩ የተሰረቀ ነበር። ተክል ግን አንድም የለም።

ከላይ ሆኖ ማየት ሌላ ዓለም ነው። የሄሊኮፕተሮቹ ካሜራ ብዙ ጊዜ ሴንሰሩ ከዜሮ በታች እስከ 196 ዲግሪ ድረስ የሚቀዘቅዝ ዓይነት ነው። ከእኔው የእጅ ካሜራ ጋር አይነጻጸርም። ሚያዝያ 2013 ከቦስተን ማራቶን ጥቃት በኋላ ተጠርጣሪው ቦስተን አጠገብ ባለችው ዋተርታውን ከተማ ውስጥ በሸራ የተሸፈነ ጀልባ ውስጥ ተኝቶ ሳለ የግዛቱ ፖሊስ ሄሊኮፕተር ከሸራው ሥር ያለውን ሰውነት አይቶታል። ግን ልብ በሉ፤ ጀልባውን መጀመሪያ የጠረጠረው ባለቤቱ ነው። ወጥቶ አየ፣ ደወለ። ሄሊኮፕተሩ የመጣው ከዚያ ነው። የካቲት 2024 ደግሞ ፍሎሪዳ፣ ዴልቶና ውስጥ ኦቲዝም ያለባት የአምስት ዓመት ሕፃን ረግረግ ውስጥ ጠፋች። ሄሊኮፕተሩ በቴርማል አያት፤ በሬዲዮ «ወደ ግራ፣ ቀጥል» እያለ በእግር የሚሄዱትን መራቸው። ከውሃው ውስጥ ገብቶ ያቀፋት ግን ሰው ነው። ቪዲዮውን ስታዩ ሁለት ነጭ ቅርጾች አንድ ይሆናሉ። እኔ እስካሁን ሳየው ዓይኔ ይሞላል።

ድሮኖቹም አሁን ቀላል የሚባሉ አይደሉም። በ2022 የወጣው የዲጄአይ ማቪክ 3 ቴርማል 640 በ512 ፒክስል ይዟል፤ በቦርሳ ይገባል። ሰፊ ሜዳ ካላችሁ ድሮን ይሻላል፤ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ከሆነ ቅጠሉ ከላይ ስለሚጋርድ የእጁ ይሻላል።

ልግዛ ወይ ላላችሁኝ፦ አዎ፣ ግዙ። በጨለማ ሰው ለሚፈልግ ቡድን ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን ያስቀነሰኝ ሰዓቱና የርቀቱ ጽሑፍ ነው። ከ384 በ288 ፒክስል በታች አትውረዱ። ስልክ ላይ የሚሰኩት ብዙዎቹ በሰከንድ 9 ምስል ብቻ ይሰጣሉ፤ ከዚያ የሚፈጥኑት በአሜሪካ የኤክስፖርት ሕግ ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ስላለባቸው ነው። የቤት ቧንቧ ለመፈተሽ ይበቃሉ። እየተራመዱ ለመፈለግ ግን ምስሉ ይንገጫገጫል። ቀለሙን ቀስተ ደመና አታድርጉት፤ ሙቀቱን በነጭ የሚያሳየው ለዓይን አይደክምም።

ከገዛችሁ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር ሞክሩ። አንድ ጓደኛችሁ የረጠበ ካፖርት ለብሶ ከቁጥቋጦ ሥር ይተኛ፤ የት እንደሆነ አይንገራችሁ። እናንተ ከመቶ እርምጃ ጀምራችሁ ፈልጉት። ሰዓት ያዙ። አሥር ደቂቃ ካለፈ ጥሩትና ይነሳ፤ እውነት ይበርደዋል። ደረቅ ልብስና ትኩስ ነገር በቴርሞስ ይዛችሁ ውጡ።